ስለ ጥቁሩ ቶም ለጠየቁኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት?

ያ የአየርላንድ መኳንንት ኑሮውን ለምን ለንደን እንዳደረገ ጠይቀውኝ ነበር። ቶማስ በትለር፣ 10ኛው የኦርመንድ ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው)፣ በልጅነቱ በሄንሪ 8ኛ ቤተ መንግሥት ከልዑል ኤድዋርድ ጋር የተማረ ነው። «ጥቁሩ ቶም» ይሉታል። ከ1559 እስከ ሞተበት እስከ 1614 የአየርላንድ ግምጃ ቤት ሹም ነበር፤ ሥራውን ግን በአብዛኛው ምክትሉ ነው የሚሠራው።

ዋናው ገቢው ከመሬት ነበር። የወይኑ ገቢ ግን ይለያል። በትለሮች የአየርላንድ ዋና ጠጅ አሳላፊነትን ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በዘር ይዘው ነበር። በዚህም መብት፣ ወደ አየርላንድ ወደብ 20 ወይም ከዚያ በላይ ትልልቅ በርሜል ወይን ጭኖ ከሚገባ መርከብ 2 በርሜል ይወስዱ ነበር፤ አንዱ በርሜል 950 ሊትር ያህል ይይዛል። ያነሰ ከጫነ 1 ብቻ፤ በጣም ጥቂት ከሆነ ምንም። ከተሞቹ «ነፃ ነን» እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። ሙግቱ የሚያልቀው ደግሞ ለንደን፣ ዘውዱ ዘንድ ነበር። እንግዲህ ደጅ ካልጠኑ ወይኑም አይገባም ነበር።

ዝምድናም ነበረው፤ የንግሥት ኤልሳቤጥ እናት የአን ቦሊን አያት የበትለሮች ልጅ ናት። ግን ይህችው ዝምድና ቀደም ሲል አስከፍላቸዋለች። በ1529 ሄንሪ የኦርመንድን ማዕረግ ለአን አባት ሰጠው፤ የቶማስ አያት መልሶ ያገኘው በ1538 ነው።

ችግሩ ለንደን ሲከርሙ አገር ቤት ባዶ መሆኑ ነው። በ1565 ቶማስ አፌን በተባለው መሻገሪያ ከሌላው የአየርላንድ ባላባት ከዴዝመንዱ ኧርል ጋር ተዋግቶ ማረከው። ንግሥቲቱ ያለፈቃዷ ጦር ማሰለፋቸው አስቆጥቷት ሁለቱንም ለንደን ጠራች። ቶማስ እዚያ ሳለ ፒተር ከሩ የሚባል እንግሊዛዊ ያረጀ የርስት ማስረጃ ይዞ መጥቶ የወንድሙን የኤድመንድን መሬት አስፈረደ። በ1569 ኤድመንድና ሁለት ወንድሞቹ ሸፈቱ። ያረጋጋቸው ቶማስ ራሱ ተመልሶ ነው። በእኔ ግምት ንግሥቲቱ ቶሎ ብትለቀው ኖሮ ሽፍትነቱ ባልተነሳ።

አየርላንድ ውስጥ በካሪክ ከተማ ያሠራው ቤት እስካሁን አለ፤ በረጅሙ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የኤልሳቤጥ ምስል በልስን ተቀርጿል። የወይኑን መብት ዘውዱ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በ216,000 ፓውንድ መልሶ ገዛው።

ለእማዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ