ላፕቶፕ ስታስረክቡ መጀመሪያ ታይም ዞኑን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አዳማ ውስጥ ላፕቶፕ ፎርማት ለምታደርጉ ባለሙያዎችና በቡድን ኮድ ለምትጽፉ ወጣቶች ይህን ማሳሰቢያ እንድታደርሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም) በእያንዳንዱ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ላይ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የተቆጠረውን ሰከንድ፣ ከጎኑ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከዩቲሲ የሚለይበትን ሰዓት ይጽፋል። የእኛ +0300 ነው፤ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ይቀድማል። ሁለቱንም የሚወስደው ከላፕቶፑ ነው፤ ልክ መሆናቸውን አያጣራም።

ዊንዶውስ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ሲጫን ታይም ዞኑ (የሰዓት ቀጠናው) ብዙ ጊዜ ፓሲፊክ (የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ) ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ዞኑን መለወጥ ሲገባ ሰዓቱን በእጅ የሚያዞር አለ። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስክሪኑ 9:00 ስለሚል ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ጊት ግን «9:00 -0800» ብሎ ይይዘዋል። ይህ በዩቲሲ 17:00፣ በእኛ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ኮሚቱ 11 ሰዓት ወደፊት ሄደ ማለት ነው፤ አሜሪካ ሰዓቷን በምትገፋባቸው ወራት 10። ከሰዓት በኋላ በሌላ ብራንች (የኮድ ቅርንጫፍ) የተሠራ ሥራ በቀን ሲደረደር ከጠዋቱ በፊት ይገባል፤ ምን መቼ እንደተበላሸ የሚፈልግ ሰው ይሳሳታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማንበብ ብለው ሰዓቱን 6 ሰዓት ወደኋላ የሚመልሱትም ያንኑ ጥፋት በተቃራኒው ይሠራሉ።

ስለዚህ ሰዓቱን ከመንካታችሁ በፊት ዞኑን ምረጡ። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የለችም፤ የእኛው «ናይሮቢ» የሚለው ነው። ቀጥሎ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ራሱን እንዲያስተካክል አብሩት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በሊኑክስ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» አለ።

ከውጭ ደንበኛ ጋር እየሠራችሁ ያላችሁበት አካባቢ በኮሚቱ እንዲታወቅ ካልፈለጋችሁ፣ ቲዜድ (TZ) የተባለውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች የሚያነቡትን ቅንብር) ለጊት ብቻ «ዩቲሲ0» (UTC0) አድርጉት፤ +0000 ይመዘገባል። «ዩቲሲ+3» (UTC+3) ብላችሁ ግን እንዳትጽፉ፤ በዚህ አጻጻፍ ምልክቱ ስለሚገለበጥ የሚመዘገበው -0300 ነው።

የተበላሸውን ለማረም አትቸኩሉ። ሀሹ (የኮሚቱ መለያ) የሚሰላው ቀኑንና ዞኑንም ጨምሮ ስለሆነ፣ አንዱ ሲነካ የዚያ ኮሚትና ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ሀሽ ይቀየራል። ፑሽ ያልተደረገ (ወደ ጋራው ማከማቻ ያልተላከ) የመጨረሻ ኮሚት በአሜንድ (የመጨረሻውን ኮሚት በአዲስ በሚተካ ትዕዛዝ) ይታረማል፤ አዲሱን ቀን ካልሰጣችሁት ግን የጸሐፊው ቀን እንደነበረ ይቀራል። ሌሎች የወሰዱትን ተዉት፤ ላፕቶፑን ብቻ አስተካክሉ።

ሶፍትዌር ገንቢዎች፣ ከአዳማ