ጥሬ እንቁላል እየጠጡ ካፕሱል መዋጥ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በጤና ገጻችሁ ስለ ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለጤና ይጠቅማሉ ተብለው ስለሚወሰዱ ሕያው ባክቴሪያዎች፣ የወጣችውን ጽሑፍ አነበብኳት። የእህቴ ልጅም አነበባት፣ ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጁ እዚህ ደሴ ጂም ይሠራል። ጽሑፏ «ፕሮባዮቲክ የሚወስድ ሰው ከምግቡ የሚያገኘው ፕሮቲን እጥፍ ይሆናል» ትላለች። በማግስቱ ካፕሱል የሞላበት ብልቃጥ ገዝቶ ከች አለ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ እናቱም ጋዜጣ ታነባለች።

ስቆጣው «አብሽር ጋሼ፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ!» አለኝ። እንግዲያው ጋዜጣ ላይ የወጣው ጋዜጣ ላይ ይታረም ብዬ ነው የምጽፈው። ሐኪም አይደለሁም፣ ባዮሎጂ ግን ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ።

«እጥፍ» የምትለዋ ቃል ናት ያናደደችኝ። ጤነኛ ሰው ከበላው የበሰለ እንቁላል ወይም ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 90 የሚሆነው ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ይፈጫል። ጨጓራ ይጀምረዋል፣ የቆሽት ኢንዛይሞች ይቀጥሉበታል፣ ፕሮቲኑ ተቆራርጦ የሚወጣውን አሚኖ አሲድ ትንሹ አንጀት ይመጠዋል። 90ው እንዴት ሆኖ ነው እጥፍ የሚሆነው? 180 ሊሆን ነው? ሂሳቡ ራሱ እምቢ ይላል።

ወሬው ግን ከባዶ አልተነሣም፣ እሱን አልክድም። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። 15 ወንዶች 20 ግራም የአተር ፕሮቲን ለሁለት ሳምንት ወሰዱ፤ በአንዱ ዙር ፓራካሴይ ከሚባለው ባክቴሪያ ሁለት ዓይነት ተጨምሮላቸው፣ በሌላው ዙር ምንም ባክቴሪያ በሌለበት ማስመሰያ። ባክቴሪያው በተጨመረበት ዙር ደማቸው ውስጥ ሉሲንን ጨምሮ አንዳንድ አሚኖ አሲዶች ከፍ ብለው ተገኙ። ባክቴሪያዎቹ ፕሮቲን የሚቆርጡበት የራሳቸው ኢንዛይም ስላላቸው የኛን ኢንዛይሞች ያግዛሉ ነው ሐሳቡ። ደስ ይላል። ግን 15 ሰው ነው፣ ከፍ አለ የተባለውም ደም ውስጥ ያለ አሚኖ አሲድ እንጂ ክንድ ላይ ያበጠ ጡንቻ አይደለም፤ የተሞከረውም በአተር ነው፣ አተር ደግሞ ከእንቁላል ይልቅ ለሆድ ይከብዳልና የሚጨመርበት ቦታ አለው። ከሁሉም በላይ ልጁ የገዛው ብልቃጥ ላይ የተጻፈው የባክቴሪያ ስም ሌላ ነው። ባክቴሪያ ያው ባክቴሪያ ነው የሚል ሰው ቀበሮም ከውሻ ወገን ናት ብሎ በጎቹን ያስጠብቃት።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልምጣ። ይኸው ልጅ ጠዋት ጠዋት አራት ጥሬ እንቁላል ብርጭቆ ውስጥ ሰብሮ ግጥም አድርጎ ይጠጣል፣ ጂም ውስጥ ያሉት ጓደኞቹም እንደዚያው። በ1998 እ.ኤ.አ. ቤልጅየም ውስጥ ተለክቶ ነበር። ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን ከመቶ 91 ተፈጭቶ ሲገኝ፣ ከጥሬው 51 ብቻ! የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ እዚያ ላሉት ባክቴሪያዎች ድግስ ይሆናል። (ቤታችን ውስጥ ማታ ማታ የሚሸተው ነገር ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።) ካፕሱሉ ሊያመጣ የማይችለውን ጭማሪ መጥበሻና ጥቂት ደቂቃ እሳት ያመጡታል። እሱን ብትጽፉልን ምን ነበረበት?

ሌላው ቅር ያለኝ፣ ጽሑፏ የኛን ምግብ በአንድ መስመር «እንጀራም ፕሮባዮቲክ ነው» ብላ ማለፏ ነው። አይደለም። ፕሮባዮቲክ ለመባል ባክቴሪያው በሕይወት ሆኖ፣ በበቂ ቁጥር ሆድ መግባትና ጥቅም መስጠት አለበት። እርሾው ውስጥ ያሉት ሁሉ ምጣድ ላይ ያልቃሉ። ሥራቸውን ግን ከመሞታቸው በፊት ጨርሰዋል፤ ሊጡ ሲቦካ ብረትና ዚንክ ጨምድዶ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሱታል።

ሕይወት ያለውን ከፈለጋችሁ ስልጆ አለላችሁ። እናቴ ኩታበር ናት፣ ሁዳዴ ሲቃረብ ስልጆ ትጥላለች። ሱፉን ወቅጣ ትጨምቃለች፣ በጭማቂው የተቆላ ባቄላ ዱቄት በጥብጣ እንደ ገንፎ ታበስላለች፣ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ጨምራ ማሰሮ ውስጥ ከድና ለቀናት ታስቀምጠዋለች። ይኮመጥጣል። ከዚያ በኋላ እሳት አያየውም፣ እንደቀዘቀዘ ነው የሚበላው። ለሙስሊም ጎረቤቶቿም በሳህን ትልካለች፣ እነሱም ሳህኑን ባዶውን አይመልሱትም። እዩት እንግዲህ፦ ጥሬ ባቄላ የቆሽትን ኢንዛይም የሚያግድ ነገር አለው፤ መቁላቱና ማብሰሉ ያንን ያዳክመዋል፣ ባክቴሪያው ደግሞ በኋላ ይገባል። ፕሮቲኑም ባክቴሪያውም አንድ ማሰሮ ውስጥ። ስልጆ እንደዚያ ጥናት አሚኖ አሲድ ከፍ ያደርጋል አላልኩም፣ እንደናንተ ጽሑፍ እንዳልሆን።

እርጎ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ጽሑፏ «የገጠር እርጎ ጠጡ» ብላ ስለዘጋች። ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ሊያስተላልፍ ይችላል፣ መኮምጠጡ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል ከፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ አንድ ማንኪያ ጣል ማድረግ ነው። ይረጋል፣ ባክቴሪያውም በሕይወት አለ።

ልጁ 60 ኪሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በኪሎ 0.83 ግራም ፕሮቲን ይላል፣ ለሱ 50 ግራም ገደማ ነው፤ ብረት ስለሚያነሣ ጨመር ይበልለት። በአተር፣ በባቄላና በበሰለ እንቁላል ይሞላል። ለካፕሱሉ ያወጣው ብር እንቁላል ቢገዛበት ስንት ትሪ ይሆን ነበር!

እባካችሁ «እጥፍ» የምትለዋን አርሟት። ልጁ ከሰኞ ጀምሮ እንቁላሉን መጥበስ ጀምሯል፣ ዘይት ጨረሰብን እንጂ። ብልቃጡን ሱቁ አልመልስም ስላለ ፍሪጅ ውስጥ ከእናቴ ስልጆ ጎን ተቀምጧል።

ከአንባቢያችሁ፣ ደሴ