ልጅቱን ወደ ደሴ ላኪያት ላሉኝ ለአባቴ

ይድረስ ለተከበሩ አባባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የደሴ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ አልሃምዱሊላህ አለን። ባለፈው ጁምዓ በስልክ ላሉኝ ነገር ያኔውኑ መልስ መስጠት አልቻልኩም፤ ልጅቱ አጠገቤ ነበረች። እህቴ ይህን ቀስ ብላ ታንብብልዎ፤ ድካም ከተሰማዎት ግማሹ ለነገ ይደር።

«ወደ ደሴ ላኪያት፤ አንድ ዓመት እኛ ዘንድ ብትቀመጥ ሰው ትሆናለች» ብለዋል። ከፍቅር መሆኑ አልጠፋኝም። እዚህ ቨርጂኒያም ልጅ ሲያስቸግራቸው ወደ አገር ቤት የሚሰዱ አሉ። የኔ ልጅ ግን አላጠፋችም፤ ታማለች። ከረመዳን ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ስትገላበጥ ታድርና ጠዋት ለትምህርት መነሣት ያቅታታል። ያን ሁሉ የምትወደውን እግር ኳስ ተወች። ምግብ ሲቀርብላት «በልቻለሁ» ትላለች፤ ልብሷ ግን ሰፍቷታል። ቢቆጧትም አትመልስም። ሐኪሟ ድብርት ነው አለች። ይህ በኛ ልጅ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከ7 አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት።

ከምን መጣ ይሉኝ ይሆናል። አንድ ምክንያት ብቻ ነጥዬ ብነግርዎ እውነት አይሆንም። ግን ከትንሽነቷ ጀምሮ የተሸከመችውን ልንገርዎ። ልጅ ቋንቋ ቶሎ ይይዛል፤ ወላጅ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ የኛ አፍ እሷ ሆነች። የኢንሹራንስ ደብዳቤ ሲመጣ እሷ፣ የቤት ኪራይ ውል ሲፈረም እሷ። አባቷ ልቡን ታሞ ሲመረመር ሐኪሙ ያለውን ያስተረጎመችልን እሷ ናት። በሕጉ ለእንዲህ ያለ ነገር ባለሙያ አስተርጓሚ እንጂ ልጅ አይቆምም፤ በዚያ ቀን ግን አስተርጓሚ አልመጣም። ለአባቷ አስደንጋጩን ነገር በገዛ አፏ መንገር ነበረባት። ቤት ስንደርስ ራት አሞቀችልንና የቤት ሥራዋን ልትሠራ ገባች።

ደግሞ ያ ጦርነት አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት እናንተ ደሴን ትታችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሸሹ ስልኩ ሁሉ ተቋርጦ በሕይወት መኖራችሁን ሳናውቅ ሰነበትን። ስልኬን ከእጄ እየወሰደች ለእርስዎ ትደውል ነበር። አይነሣም፤ እንደገና ትደውላለች። ደሴ ተያዘች በተባለ ማግስት እዚህ ሃሎዊን የሚሉት የልጆች በዓል ነበር፤ በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት ሄዳ ከጓደኞቿ ጋር ስለ ልብስና ስለ ከረሜላ ስታወራ ዋለች። አያቷ የት እንደገቡ የማይታወቅ መሆኑን ለማንም አልተናገረችም። ለማን ትንገር? ደሴን በካርታ ላይ የሚያውቅ የክፍሏ ልጅ የለም።

ይህ ሕመም ለእርስዎ እንግዳ አይደለም፣ አባባ። ከተማዋ ኅዳር መጨረሻ ላይ ተለቃ ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጡ እንደነበር፣ የሱብሂ አዛን እስኪሰማ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያነጉ እንደነበር እህቴ ነግራኛለች። ያኔ ማንም ጥጋብ ነው አላለዎትም። ጎረቤቱ ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ቡና ይዞ እየመጣ አጠገብዎ ተቀመጠ። እኔም ለልጅቱ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ጆን ቤሪ የሚባሉ የካናዳ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ13 አገሮች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 የሆነ ከ5 ሺህ በላይ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆችን አጥንተው በፈረንጆች 2006 አሳትመዋል። የወላጆቻቸውንም የሚኖሩበትንም አገር ባህል አብረው የያዙት በመንፈስም በትምህርትም ከሌሎቹ ተሽለው ተገኙ። የባሰባቸው የትኛው ወገን እንደሆኑ ግራ ገብቷቸው መሐል ላይ የቀሩት ናቸው። በዘራቸውና በመጡበት አገር ምክንያት የተናቁትም ተጎድተዋል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የኛ ቤት ነው። የእናቴ ወገን ክርስቲያን፣ የእርስዎ ወገን እስላም። ለሰርግ ሁለት ዳስ ይጣላል፣ አራጁም ሁለት ነው። ለጥምቀት እኛ አክስቴ ቤት እንሄዳለን፣ ለዒድ እሷ እኛ ቤት ትመጣለች። ከሁለት አንዱን ምረጪ ብሎ ያስጨነቀኝ ሰው አልነበረም። ልጄ ግን ቤት ስትሆን «ፈረንጅ ሆነሻል» ትባላለች፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ «አንቺ ከየት ነሽ?» ትባላለች። የአጎቶቿ ልጆች በስልክ ስታወራቸው አማርኛዋን እየደገሙ ይስቃሉ። ክፋት የለባቸውም፤ እሷ ግን ስልኩን ከዘጋች በኋላ ክፍሏ ገብታ በሩን ትቆልፋለች።

አሁን በየሳምንቱ ባለሙያ ዘንድ ሄዳ ትነጋገራለች። እብደት አይደለም፤ ለሰው እንዲህ አድርገው እንዲያስረዱልኝ እፈልጋለሁ። የመኝታ ሰዓቷ ተወስኗል፣ ስልኳም ሌሊት ሳሎን ያድራል። የተወችውን ነገር ፍላጎት ባይኖራትም በትንሽ በትንሹ እንድትጀምር ይረዷታል። መድኃኒት ገና አልታዘዘላትም። ሐኪሟ መጀመሪያ ቀን «መሞት ተመኝተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ በግልጽ ጠየቀቻት። እኔ ደሜ ቀዘቀዘ። ግን መጠየቅ ያላሰበን ሰው አያሳስበውም፤ ያሰበውን ደግሞ እንዲናገር በር ይከፍትለታል። ልጅቱ አላሰብኩም አለች፤ አልሃምዱሊላህ። እንዲያም ሆኖ 988 የሚባለውን፣ ከፈረንጆች 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ቀን ከሌት የሚመልስ የጭንቅ ጊዜ ስልክ ቁጥር ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈናል።

አክስቴ ዳና ወደሚባለው የዱዓ ቦታ ትሂድና ዱዓ ይደረግላት ብላለች። ዱዓውን አጥብቄ እፈልገዋለሁ፤ ጀማው ሲሰበሰብ ስሟን አንሡልኝ። ሕክምናውን ግን አላቋርጥም፤ ሁለቱም አብረው ይሂዱ።

ከእርስዎ የምለምነው ይህን ነው። እሑድ ስትደውልልዎ ስለ ትምህርቷ አይጠይቋት። ከአጎቷ ልጅ ጋርም አያወዳድሯት። ከወረባቦ ወጥተው ለትምህርት ደሴ ሲገቡ የከተማው ልጆች በአነጋገርዎ እየሳቁ እንዴት እንዳስለቀሱዎ፣ ከትምህርት ቤት ጠፍተው ወደ አገርዎ በእግር ሊመለሱ ተነሥተው ሐይቅ ከተማ ላይ የያዙዎ ሰው እንዴት አባብለው እንደመለሱዎ ይንገሯት። ለኛ ነግረውናል፤ ለሷ አልደረሳትም። አማርኛው ካስቸገራት ትቁም፣ ትፈልገው፤ እርስዎ ይጠብቋት። ዝም ካለችም ስልኩን ቶሎ አይዝጉ።

ሐኪሟ ከፈቀደች በሐምሌ አብረን እንመጣለን፤ ለቅጣት ሳይሆን እናንተን ለማየት። አንድ ወር ቆይታ ከኔ ጋር ትመለሳለች።

የደም ግፊት መድኃኒትዎን ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ፤ እህቴ ኮምቦልቻ ወርዳ ትቀበለው። ጠዋት ጠዋት ሳይረሱ ይውሰዱ።

ልጅዎ፣
ከቨርጂኒያ