ባቄላና ሽምብራ፦ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበባችን በ2017 ዓ.ም.

ዘንድሮ ክበባችን አብዛኛውን ጊዜውን ለአንዲት ትንሽ ወፍ ሰጠ። የሊበን ላርክ ትባላለች፤ በነገሌ ቦረና አቅራቢያ ባለው የሊበን ሜዳ ትኖራለች። ጎጆዋን መሬት ላይ፣ ሣር ተጠግታ ስለምትሠራ ሣሩ ሲያልቅ መደበቂያዋም አብሮ ያልቃል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሜዳው የቀሩትን ከ90 እስከ 256 ገምቷቸዋል፤ የሚኖሩበትም ስፍራ ከ36 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነበር። የሜዳው መታረስ፣ የከብቱ መብዛትና የቁጥቋጦው መስፋፋት በአንድነት ጎድተዋታል።

በጥቅምት ለክበቡ ተማሪዎች ስለ ወፏ ቆጠራ ሳስረዳ፣ በቀላሉ የሚታዩት እየበረሩ የሚዘምሩት ወንዶች መሆናቸውን ነገርኳቸው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ እንቁላል ላይ የተኙትንስ ማን ይቆጥራቸዋል?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ሁሉ ይህን ጥያቄ መከተል ሆነ።

ወንዱን ባቄላ፣ ሴቷን ሽምብራ አደረግንና 50፣ 50 ቆጥረን ጀመርን። ቁጥሮቹ ለልምምድ እኛው የመረጥናቸው ናቸው፦ በየዓመቱ ከአሥር ወንዶች 7፣ ጎጆ ላይ በአውሬ ከሚጠቁት ሴቶች ግን ከአሥር 4 ይተርፋሉ፤ እያንዳንዷ ሴት አንድ ጫጩት ታሳድጋለች፣ ጫጩቶቹም እኩል ወንድና ሴት ናቸው። በሦስተኛው ዓመት ባቄላው 65 ደረሰ፣ ሽምብራው ወደ 36 ወረደ። ዝማሬ ብቻ የሚቆጥር ሰው ወፏ እየበዛች ነው ብሎ ይመለስ ነበር! ልጆቹ ሦስት ጊዜ ደግመው ቆጠሩ፤ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ባቄላውም መቀነስ ጀመረ። ኮምፒውተር ክፍል ተራ ሲደርሰን በኤክሴል ሠርተን አመሳከርነው።

ፈተናና በዓል ተደራርበው የካቲትን እንዲሁ አለፍነው። በመጋቢት ቤተሰቦቹ ከነገሌ የመጡ አንድ አባል ስለ ካሎ አስረዳን። የቦረና አርብቶ አደሮች ለበጋ፣ በተለይ ለጥጆች፣ ሣር የሚያቆዩበት የታጠረ ግጦሽ ነው። በዚያ የሚተርፈው ሣር ለላርኳም መሸሸጊያ እንደሚሆን ሲገባቸው፣ ልጆቹ አንዱን ቁጥር ብቻ ለመቀየር ተስማሙ፦ ከአሥር ሴቶች በ4 ፈንታ 5 ይትረፉ አሉ። ሽምብራው ከዓመት ዓመት 50 ላይ ጸና። በየአሥሩ አንዲት እናት ተጨማሪ ብትተርፍ ማለት ነው። ያን ዕለት ደወሉ ተደውሎም ከጠረጴዛው የተነሣ አልነበረም።