ለደንበኞቻችን፦ ባነሩ ላይ ስለሚታየው ነጭ መስመር

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን ባነር ያሠራችሁ አንዳንዶቻችሁ ቅሬታ ይዛችሁ መጥታችኋል። ልክ ናችሁ። የአንዲት ሙሽራ ግንባር ላይ ነጭ መስመር አርፎ፣ እናቷ «ልጄ ጠባሳ የላትም እኮ!» ሲሉን የምንገባበት ጠፍቶን ነበር። ደግመን አትመን ሰጠናቸው። ነገሩ ግን በአንድ ባነር ስላላበቃ፣ ምን እንደሆነ ልንነግራችሁ ወደድን።

ትልቁ ማሽናችን አርጅቷል። ቀለም የሚረጨው ክፍል፣ እኛ ሄድ የምንለው፣ 8 ረድፍ ቀዳዳ አለው። በየረድፉ 180፣ ሲደመር 1440። ቀዳዳዎቹ ከፀጉር ይቀጥናሉ። ጎን ለጎን ያሉ አምስት ስድስቱ ከተደፈኑ፣ ሄዱ በተመላለሰ ቁጥር ያቺን ቦታ ሳይቀባት ያልፋል። ነጩ መስመር ይኸው ነው። ጀርባው ነጭ የሆነ ሥራ ላይ ብዙም አያስታውቅም። ደማቅ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ላይ ግን ያጋልጠናል።

መጀመሪያ ጥፋቱን ሄዱ ላይ ጣልን። ማሽኑ ራሱን የሚያጸዳበት ትእዛዝ አለው፤ ፓምፑ ቀለም በኃይል እየሳበ ቀዳዳዎቹን ያጥባል። ደጋግመን አዘዝነው። የቆሻሻው ጠርሙስ ሞላ፣ መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ጭራሽ ከአንዱ እጥበት በኋላ ደህና የነበረው ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ቀይ ቀለም) ቀዳዳዎቹን ለመፈተሽ ከምናትመው የሙከራ ወረቀት ላይ ጠፋ። ያኔ ነው ቆም ብለን ያየነው። ሄዱ ሥራ ሲፈታ የሚያርፍበት የጎማ ክዳን ደርቆ ጠርዙ ተሰንጥቋል። ሌሊቱን ሙሉ አየር ስለሚያስገባ ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ ይደርቃል። ጠዋት ፓምፑ ሲስብ ደግሞ ከቀለሙ ይልቅ አየሩን ይስባል። ክዳኑን ቀየርነው። ከሄድ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ማለት ነው። በከንቱ የደፋነው ቀለም ግን እስካሁን ያንገበግበናል።

አሁን በር ስንከፍት የመጀመሪያው ሥራ የሙከራ ወረቀት ማተም ነው። አራቱ ቀለሞች እንደ ደረጃ በቀጫጭን መስመር ይወጣሉ። የተቆረጠ ካለ ቀለል ያለ እጥበት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ እንሰጠዋለን። እምቢ ካለ ክዳኑ ላይ ማጽጃ ፈሳሽ ጠብ አድርገን ሄዱን እላዩ ላይ እናሳርፈዋለን። የደረቀው እስኪለሰልስ መጠበቅ ነው፤ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ። የክዳኑን ጠርዝና ሄዱን የሚጠርገውን ጎማ ክር በማይጥል ጨርቅ እናጸዳለን። የሄዱን ፊት በጥጥ አንነካም። (አንዴ ነክተን ነበር። ስለሱ ባናወራ ደስ ይለናል።)

መብራትም አለ። ኅትመት መሃል ላይ ሲጠፋ ሄዱ ሳይከደን መንገድ ላይ ይቀራል። ቶሎ ካልደረስንለት ይደርቃል። በእጃችን ቀስ አድርገን ወደ ክዳኑ እንመልሰዋለን፤ የተጀመረው ባነር ግን አለቀለት። በበጋ አየሩ ስለሚደርቅ ጧትና ማታ ወለሉን በእርጥብ መወልወያ እናብሳለን። ስትገቡ ወለሉ ቢያንሸራትታችሁ ለዚህ ነው፤ ቀስ በሉ።

መስመር ሁሉ የሄድ ጥፋት አይደለም። ሙከራው ሙሉ ሆኖ ባነሩ ላይ በእኩል ርቀት መስመር ከመጣ፣ ማሽኑ የባነሩን ጥቅል የሚስብበት እርምጃ ተዛብቷል ማለት ነው፤ ይስተካከላል። ፊደሎቹ ጥላ ያላቸው ከመሰሉ ደግሞ ሄዱ ሲሄድና ሲመለስ የሚረጨው ቀለም አልተገጣጠመም። እሱን እስክናስተካክል በአንድ አቅጣጫ ብቻ እናትማለን። ጥራቱ ጥሩ ነው፣ ጊዜው ግን እጥፍ ገደማ ይወስዳል። ሰሞኑን የዘገየንባችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

«ለምን አዲስ አትገዙም?» ላላችሁን፦ ዋጋ ጠይቀን ተመልሰናል።

ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ መጥታችሁ «ለነገ ጠዋት» የምትሉን እባካችሁ ሁለት ቀን ቀደም በሉ። በተለይ ጀርባው ሙሉ በሙሉ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ከሆነ። ባነሩን ስትረከቡ እዚሁ ዘርግታችሁ፣ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ እዩት። መስመር ካለ አትውሰዱት። ቤት ከገባችሁ በኋላ ያያችሁትም ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልን፤ ሳናስከፍል ደግመን እናትማለን። «ከአስፋልት ማዶ አይታይም» ብለን አንከራከራችሁም። ስትወስዱት ግን ጠቅልሉት እንጂ አትጠፉት፤ እጥፋት የእኛ ጥፋት አይደለም።

ሐሙስ ከሰዓት ማሽኑን ሙሉ ለሙሉ ስለምናጸዳ የባነርና የስቲከር ሥራ አንቀበልም። ቢዝነስ ካርድና ማኅተም እንደ ወትሮው ነው።

ከአክብሮት ጋር
የማተሚያ ቤቱ ባልደረቦች