ለድሬዳዋ ሊቶሪናዎች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የምድር ባቡር ቤተሰቦች፣ የድሬዳዋ ልጆችና ወዳጆች፤

እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የባቡር መስመር ለብዙ ዘመን ያገለገለው በእንፋሎት ነበር። ከድሬዳዋ በታች ያለው ቆላ ግን ውሃ ብርቅ የሆነበት አገር ነው፤ የእንፋሎት ባቡር ደግሞ ያለ ውሃ አንድ እርምጃ አይሄድም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የመጡት ሊቶሪናዎች፣ ማለትም የጣሊያኑ ፊያት ኩባንያ የሠራቸው ባለ ሞተር የተሳፋሪ ፉርጎዎች፣ በናፍጣ ስለሚሠሩ ከዚህ ችግር ነፃ ነበሩ። ሞተራቸው ከተሳፋሪው ክፍል ጋር አንድ አካል በመሆኑ ጎታች አይሹም፤ በሁለቱም ጫፍ የመንጃ ክፍል ስላላቸውም መድረሻቸው ላይ ማዞር ሳያስፈልግ ሾፌሩ ወደ ሌላው ጫፍ ተሻግሮ ጉዞውን ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ሲሆን የቀድሞው 1 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በድሬዳዋው የባቡር ጥገና ግቢ የቆሙት ሊቶሪናዎች በአዲሱ ሐዲድ ሊሄዱ አይችሉም፤ ባሉበት ካልጠበቅናቸው የሚጠብቃቸው የለም። ፀሐዩ የመስኮቶቹን ጎማ ሰነጣጥቆታል፤ በስንጥቁ የሚገባው የክረምት ውሃም ከመስታወቱ ሥር ተኝቶ ቆርቆሮውን ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ቀለም ቢቀባ ይህ ዝገት አይቆምም።

ከብረቱ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ሙያው ነው። ሞተሩን ፈትተው የገጠሙ ጡረተኞች እያረጁ ነው፤ የሚያውቁትን ያስተማሩት የመማሪያ መጽሐፍ ሳይኖር፣ እጅ በእጅ ነበር። ኤርትራ ውስጥ የአስመራና የምጽዋ መስመር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ እንደገና ሲዘረጋና የዚያው የወረራ ዘመን ሊቶሪና ተጠግኖ ለጉዞ ሲነሳ፣ ሥራው የተቃናው የቀድሞ ሠራተኞች በሕይወት ስለነበሩ ነው።

ስለዚህ የምንለምነው ለሦስት ነገር ነው፦ ለቆርቆሮ ጥላ፣ ለዝገት ማስወገጃና ለመስኮት ጎማ፣ እንዲሁም የጡረተኞቹን ትምህርት በምስልና በድምፅ ለመቅረጽ። ሊቶሪናዎቹን አሁኑኑ ለጉዞ እናስነሳለን ብለን ቃል አንገባም፤ የንብረቱ ባለቤት ሳይፈቅድም አንድ ብሎን አንፈታም። ገንዘብ የምትሰጡ በየአካባቢያችሁ ላለው የዚህ ጥሪ አቅራቢ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ሰጥታችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። የአባቶቻችሁ ፎቶግራፍ፣ የሥራ ደብተር ወይም መፍቻ ያላችሁም ኮፒውን ወይም ዕቃውን በውሰት ብትሰጡን፣ ስማችሁን መዝግበን በአደራ እንይዛለን።