የክበባት ዘገባ፦ የኮምፒውተር ክበብ በ2017 ዓ.ም.

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው ሁለት ሥራዎችን ይዞ ነው፤ አንደኛው ቡድን የቤተ መጻሕፍቱን የውሰት መዝገብ በጃንጎ 4.2 (ጃንጎ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተዘጋጀ የድረ ገጽ መሥሪያ ነው)፣ ሁለተኛው ቡድን ደግሞ የክበባትን የስብሰባ መርሐ ግብር በጃንጎ 5.1 ሲያዘጋጁ ቆይተዋል። ሆኖም ከኮድ አጻጻፉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደው ፕሮግራሞቹ የሚፈልጓቸው ፓኬጆች (እንደ ጃንጎ ያሉ ተዘጋጅተው የሚገኙ የኮድ ጥቅሎች) የት ይጫኑ የሚለው ጉዳይ በመሆኑ፣ ይህ ዘገባ በአመዛኙ እርሱን ይመለከታል።

ኮምፒውተሮቹ የጋራ ሲሆኑ፣ መጀመሪያ ላይ ፓኬጆች በአስተዳዳሪ ፈቃድ በቀጥታ በሲስተሙ ላይ ይጫኑ ነበር። የፓይተን ፓኬጆችን የሚጭነው ፒፕ አንድን ፓኬጅ በአንድ ቦታ በሁለት ቨርዥን ስለማያስቀምጥ፣ ሁለተኛው ቡድን 5.1ን ሲጭን 4.2 ይነሣል። የመዝገቡ ቡድን ተራው ደርሶ ሲገባ «ውጣ» የሚለው ሊንክ 405 የሚል የስሕተት ቁጥር ይሰጠው ጀመር፤ ጃንጎ ከ5.0 ወዲህ ተጠቃሚ የሚወጣበትን ትእዛዝ በፖስት ጥያቄ (ቅጽ ሲላክ በሚሄደው ዓይነት) እንጂ በተራ ሊንክ አይቀበልምና። አባላቱ ምንም ያልነኩትን ኮድ ሲመረምሩ ዋሉ፤ በእኔ እምነት ግን የስሕተት መልእክትን በትዕግሥት ማንበብ የለመዱት ያን ጊዜ ነው።

ኮምፒውተሮቹ ወደ ኡቡንቱ 24.04 (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዓይነት) ከተሸጋገሩ በኋላ ፒፕ በሲስተሙ ላይ መጫንን ጨርሶ እምቢ አለ። ኡቡንቱ በፓይተን የተጻፉ የራሱ መሣሪያዎች ስላሉትና የሚያስተዳድራቸውም የኡቡንቱ የራሱ ፕሮግራም ጫኝ አፕት በመሆኑ፣ ፒፕ ገብቶ ቢቀያይርባቸው ሲስተሙ ሊታወክ ይችላል። ክልከላውን የሚያልፍ ትእዛዝ ከኢንተርኔት ያገኙ አባላት ቢኖሩም በጋራ ኮምፒውተር ላይ እንዳይጠቀሙበት ተደርጓል።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት፣ ማለትም ፓኬጆቹ ከሌላው ሥራ ተለይተው የሚጫኑበት ፎልደር አለው። መፍጠሪያው ቬንቭ ከ3.3 ጀምሮ የፓይተን አካል ቢሆንም፣ በኡቡንቱ ላይ በአፕት ለብቻው መጫን ነበረበት። አንደኛው ቡድን የኢንቫይሮመንቱን ፎልደር በፍላሽ ገልብጦ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቢወስደው አልሠራለትም፤ የፒፕን ፋይል ከፍተን ስናይ የመጀመሪያው መስመር የቀድሞውን ኮምፒውተር የፎልደር አድራሻ እንደያዘ ነው። ስለዚህ የሚዘዋወረው ፎልደሩ ሳይሆን ፓኬጆቹ ከነቨርዥናቸው የሰፈሩበት የዝርዝር ፋይል እንዲሆን ተስማማን። የኢንተርኔት መስመራችን ደካማ በመሆኑ፣ ፓኬጆቹ አንድ ጊዜ ወደ ፍላሽ ይወርዱና በየኮምፒውተሩ ከዚያው ይጫናሉ።

በእርግጥ ያው ፓኬጅ በየፎልደሩ ስለሚደጋገም የዲስክ ቦታ ይበላል፤ በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያ) ያሉትን ሁሉም የሚጠቀምባቸውን መሣሪያዎች አሁንም በአፕት በሲስተሙ ላይ እንጭናለን። የውሰት መዝገቡ በሰኔ ወር ለቤተ መጻሕፍቱ ተላልፏል፤ ያልተጠናቀቀውን መርሐ ግብር የመጪው ዓመት አባላት ከነዝርዝር ፋይሉ ይረከቡታል።